የሴቪያ የሚያዝያ ፌሪያ፦ ትኬት የለውም፣ ግን በሩ ለማን ነው የሚከፈተው?

መንገደኛ_ነኝ

ሰላም ለዚህ ቤት። ከባለቤቴ ጋር ፍራንክፈርት ነው የምንኖረው። በመጪው ጸደይ ስፔን ልንሄድ አስበናል፤ እሷ ደግሞ ሴቪያን ሳላይ አልመለስም ብላለች። በዚያው ያንን ታዋቂ ፌሪያ፣ ሴቶቹ ነጠብጣብ ቀሚስ ለብሰው በሠረገላ የሚዞሩበትን፣ ብናይ ደስ ይለናል። የመግቢያ ትኬት ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ ብፈልግ የለም። ጭራሽ አንድ ስፔናዊ የሥራ ባልደረባዬ «ሰው ካላወቅህ አሸዋ ላይ ስትዞር ውለህ ትመለሳለህ» አለኝ። እውነት ነው? የከተማ በዓል ሆኖ እንዴት ሰው ማወቅ ያስፈልጋል? ታሪኩን የምታውቁም ካላችሁ ጻፉልን።

ሴቪያ_ጎረቤት

ወንድሜ፣ እኔ ትሪያና ነው የምኖረው። ፌሪያው ከኛ ሰፈር በእግር ይደረሳል። ባልደረባህ ግማሹን ነው የነገረህ።

ትኬት ያጣኸው ስለሌለ ነው። ፌሪያው የሚደረግበት ሜዳ «ሬያል» ይባላል፤ ሎስ ረሜዲዮስ የሚባለው ሰፈር ጫፍ ላይ ነው። ማንም በነጻ ይገባል። መግቢያው ላይ ፖርታዳ የሚሉት ግዙፍ በር አለ። በየዓመቱ በአዲስ ንድፍ ይሠራል፣ ከ20 ሺህ በላይ አምፖል ይሰካበታል። ለወራት ሲገነቡት ይከርሙና በዓሉ ሲያልቅ አፍርሰው ይወስዱታል። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ከዜሮ።

ከበሩ ስታልፍ በጎዳና የተከፋፈለች ከተማ ታገኛለህ። ጎዳናዎቹ የተሰየሙት በማታዶሮች፣ ማለትም በበሬ ተፋላሚዎች ነው፤ ሁዋን ቤልሞንቴ፣ ሆሴሊቶ ኤል ጋዮ፣ ኢግናሲዮ ሳንቼስ ሜሂያስ እያልክ ታነባለህ። መሬቱ አስፋልት አይደለም። አልቤሮ የሚባል ቢጫ አሸዋ ይነጠፍበታል፤ የበሬ ፍልሚያ ሜዳ ላይ የሚነጠፈው ራሱ ነው። ግራና ቀኝ ደግሞ ካሴታ የሚባሉ ባለ ቀለም ድንኳኖች ተደርድረዋል። ቁጥራቸው ከ1,000 ይበልጣል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ የግል ናቸው። እንደ ሰርግ ድንኳን ቁጠረው፤ ደጋሹ አለ፣ የተጠራ አለ፣ በር ላይ የቆመ ሰው አለ። ውስጥ ባር አለ፣ ወጥ ቤት አለ፣ መጨፈሪያ ወለል አለ። አባላቱ ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላሉ፤ እንግዳም ይዘው መግባት ይችላሉ። አባል ወይም የአባል እንግዳ ካልሆንክ ዘበኛው በትህትና ይመልስሃል።

ግን ሁሉም አይደሉም። የከተማው አስተዳደር፣ የየወረዳው፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የፓርቲዎች ካሴታዎች ለሁሉም ክፍት ናቸው። መግቢያ አይከፈልም፤ የምትበላውንና የምትጠጣውን ብቻ ትከፍላለህ። ሙዚቃውም ጭፈራውም ያው ነው። ትንሽ ይጨናነቃል እንጂ ሰው የሚደሰተው እዚያም ነው።

ጋሽ_ታሪክ

ልጆቼ፣ ታሪኩን ለኔ ተዉልኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ነገር፣ ይህ በዓል የተወለደው በዓል ሆኖ አይደለም። የከብት ገበያ ነው። አልፎንሶ 10ኛ የሚባለው ንጉሥ በ1254 ሴቪያ በዓመት ሁለት ጊዜ ገበያ እንድታቆም ፈቅዶላት ነበር፤ ዘመን አለፈና ቀረ። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ገበሬ ከብት ሊሸጥ ሊገዛ የሚሄደው በአቅራቢያው ወዳሉት ትናንሽ ከተሞች፣ ወደ ካርሞናና ወደ ማይሬና ሆነ። ትልቋ ከተማ ቁጭ ብላ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ይዞራል ማለት ነው።

በነሐሴ 1846 ሁለት የከተማው ምክር ቤት አባላት ሐሳብ አቀረቡ። ሆሴ ማሪያ ኢባራና ናርሲሶ ቦናፕላታ ይባላሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቀኝ ነገር አለ፤ ሁለቱም የሴቪያ ልጆች አይደሉም። ኢባራ ባስክ ነው፣ ከቢልባኦ። ቦናፕላታ ካታላን ነው፣ ከባርሴሎና፤ ሴቪያ ውስጥ የብረት ማቅለጫ ነበረው፣ የትሪያና ድልድይ ብረት የተሠራበት። ዛሬ አንዱ ሴቪያዊ «ይህ በደማችን ያለ ነገር ነው» ሲልህ፣ ሁለት ነጋዴ መጤዎች በማመልከቻ ያስጀመሩት መሆኑን አስበህ ዝም በል።

ንግሥት ኢዛቤል ዳግማዊት በመጋቢት 1847 ፈቀደች። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 18፣ 19 እና 20 የመጀመሪያው ፌሪያ ፕራዶ ደ ሳን ሴባስቲያን በሚባለው ሜዳ ተካሄደ። ቀኑ የተመረጠው ወር በገባ በሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው፤ የማይሬና ገበያ በወሩ መጨረሻ ስለሚውል ላለመጋጨት ነው። ካሴታዎቹ 19 ብቻ ነበሩ። ሜዳው ራሱ ከበድ ያለ ታሪክ አለው። በኢንኩዊዚሽን፣ ማለትም በካቶሊክ የሃይማኖት ችሎት ዘመን «መናፍቅ» የተባሉ ሰዎች የሚቃጠሉት እዚያ አካባቢ ነበር።

አሁን የወደድኩትን ክፍል ልንገራችሁ። ገበያው ገና ከመጀመሩ ከብት ነጋዴዎቹ አቤቱታ አቀረቡ። ዘፈኑና ጭፈራው መደራደር አላስቻለንም፣ ፖሊስ ጨምሩልን አሉ። ጭፈራው ገበያውን መብላት የጀመረው ከመነሻው ነው ማለት ነው። ድንኳኑ የተተከለው ነጋዴ ከፀሐይ እንዲጠለልበት፣ ውል እንዲዋዋልበት ነበር። ውል ሲያልቅ ይጠጣል። ሲጠጣ ይዘፈናል። ቤተሰብም ይከተላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከብቱ ወደ ዳር፣ ድንኳኑ ወደ መሀል ሆነ።

ቀጥሎ ያለው በአጭሩ። የወረቀት ፋኖሶቹ በ1877 መጡ። በ1896 ሜዳው ላይ ላ ፓሳሬላ የሚባል የብረት መሻገሪያ ድልድይ ተሠራ፤ ማታ ማታ በመብራት ያሸበርቅ ነበር። በ1921 ፈረሰ። የዛሬዎቹ የመብራት በሮች የሱ ልጆች ናቸው ይባላል። በ1919 ጉስታቮ ባካሪሳስ የሚባል የጂብራልታር ተወላጅ ሠዓሊ የካሴታዎቹን መልክ አወጣ፤ ፊት ለፊት ያለው በሥዕል ያጌጠ ሦስት ማዕዘን የሱ ነው። በ1964 ከባድ እሳት ተነስቶ በርካታ ካሴታዎች ወደሙ። ከተማዋ እያደገች ፕራዶ ጠበበ፤ በ1973 አሁን ወዳለበት ወደ ሎስ ረሜዲዮስ ተዛወረ።

ፊት_ለፊት

ጋሽ ታሪክ፣ እናመሰግናለን፤ ጥሩ አድርገው ነው የጻፉት። ግን እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ለገበያ የተከፈተ ሜዳ፣ በሕዝብ መሬት ላይ፣ ከ1,000 በላይ ድንኳን ተተክሎ አብዛኛው ሕዝብ በር ላይ የሚቆምበት ምን ዓይነት የከተማ በዓል ነው? እኔ ማላጋ ነው የኖርኩት። እዚያ ነሐሴ ላይ ፌሪያ አለ፤ የካቶሊክ ነገሥታት ከተማዋን በ1487 የያዙበትን ቀን ያስታውሳል። ካሴታው ለሁሉም ክፍት ነው። ቀን ቀን ደግሞ መሀል ከተማው ራሱ ጭፈራ ነው። ማንም ማንንም «አንተ የማን ነህ?» አይልም።

ሴቪያ_ጎረቤት

> አብዛኛው ሕዝብ በር ላይ የሚቆምበት

ፊት ለፊት፣ ይህን ክርክር እዚህ ታክሲ ውስጥም ትሰማዋለህ፤ አዲስ አይደለም። ግን «የግል» ስንል የሀብታም ብቻ አድርገህ አትሳለው። የመሥሪያ ቤት ጓደኞች አንድ ካሴታ አላቸው። አንድ ሰፈር ያደጉ ሰዎች ተሰባስበው አንድ አላቸው። አንዳንዱ ድንኳን ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሦስት ቡድን ወጪውን ይካፈለዋል። ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ለካሴታው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያስቀምጣል፤ የበጋ ዕረፍት ሳይሄድ ይቀራል እንጂ መዋጮውን አያስቀርም።

የሚያናድደው ሌላ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ከተማው ነው፤ ያለው ሰው በየዓመቱ ክፍያውን እየከፈለ ያድሳል። የሚለቅ የለም ማለት ይቻላል። አዲስ አመልካች ወረፋ ይይዛል፤ ወረፋው ደግሞ በዓመታት ሳይሆን በአሥርተ ዓመታት ነው የሚለካው። አባት ያመለከተውን ልጅ ይጠብቀዋል። ሜዳው ሞልቷል። ወደ ሌላ ሰፋ ያለ ቦታ ይዛወር የሚል ዕቅድ ለዓመታት ሲወራ ኖረ፤ እስካሁን ወሬ ነው።

ፊት_ለፊት

እሱን ነው የምለው እኮ! ዘበኛውን ትተህ ወረፋውን እየው። በልጅነቱ ወደዚያች ከተማ የመጣ ስደተኛ ሸምግሎም ተራው ላይደርሰው ይችላል።

ጋሽ_ታሪክ

ልጄ፣ ያልከው ተገቢ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። ካሴታው ዝግ የሆነው ሴቪያ ሰው ስለምትጠላ አይደለም፤ ድንኳኑ የቤት ሳሎን ቅጥያ ስለሆነ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የቤተሰብ ቤት እዚያ ይሆናል። አያት ወንበር ላይ፣ ሕፃን ጋሪ ውስጥ፣ ወጣቱ ወለሉ ላይ። ቤት ደግሞ በር አለው። ማላጋ የጎዳና በዓል አደረገችው፣ ሴቪያ የሳሎን በዓል። የትኛው ይሻላል ብትሉኝ እኔ ሳሎኑን እመርጣለሁ፤ ሰው ከጋበዘኝ።

ፊት_ለፊት

«ሰው ከጋበዘኝ» 😂 ጋሽዬ፣ ነገሩን ራስዎ ጨረሱት።

ቀሚስ_ሰፊዋ

ወንዶች ስትከራከሩ ቀሚሱን ረሳችሁት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ማድሪድ ነው የምሠራው፣ በየዓመቱ በዚህ ወቅት የሴቪያ ደንበኛ አላጣም።

ትራሄ ደ ፍላሜንካ ይባላል። አመጣጡ ከጋሽ ታሪክ ከብት ገበያ ጋር አንድ ነው። ከብት ነጋዴዎቹን ተከትለው የሚመጡት ሴቶች፣ ብዙዎቹ ጂታና የሚባሉት የስፔን ሮማ (ጂፕሲ) ሕዝብ ሴቶች፣ ርካሽ የጥጥ የሥራ ቀሚስ ነበር የሚለብሱት፤ ጠርዙ በሽንሽን ያጌጠ። ሰውነት ላይ ልክክ ብሎ ያምር ነበር። የባለጸጋ ሚስቶች አዩና ቀኑ። እነሱም እንደዚያው እያስሰፉ መጡ። ሴቪያ ውስጥ በ1929 ትልቁ የኢቤሮ-አሜሪካ ኤግዚቢሽን ሲካሄድ ቀሚሱ የፌሪያው ደንብ ልብስ ሆኖ ጸና። የድሃ የሥራ ልብስ የጌቶች የክት ሆነ፤ እኔ ከዚህ በዓል ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ሌላው የሚገርመው፣ የባህል ልብስ ሆኖ ፋሽን አለው። አንድ ዓመት ሽንሽኑ ከጉልበት ይጀምራል፣ በሌላው ከዳሌ። እጅጌው ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ይጠፋል። ጥር መጨረሻ አካባቢ ሴቪያ ውስጥ ለዚህ ልብስ ብቻ ትልቅ የፋሽን ትርኢት ይካሄዳል፤ የዓመቱ ቅርጽ እዚያ ይታያል። አምና የለበሰችውን ዘንድሮ የምትለብስ ጎበዝ ናት፤ ግን ዓይን ያውቃታል።

መንገደኛ፣ ለባለቤትህ ንገራት፦ መልበስ ግዴታ አይደለም። ከፈለገች ግን በዓሉ ሲቃረብ ሱቆቹ ዝግጁ የተሰፋ ይሸጣሉ፣ የሚያከራዩም አሉ። አበባው ጸጉር ላይ ከፍ ብሎ ይሰካል። ትከሻ ላይ ዘርፍ ያለው ትንሽ ሻርፕ። ቀሚሱ ከባድ ነው፤ ጫማ ምቹ ይሁን፣ አልቤሮው ሁሉን ነገር ቢጫ ያደርገዋል። ወንዱ ሱፍና ከረባት ይበቃዋል። አጭሩ ጃኬትና ሰፊው ባርኔጣ ለጋላቢ ነው፤ ፈረስ ሳይኖርህ ያንን ለብሰህ ብትሄድ ይሳቅብሃል።

ፈረስ_ወዳድ

ፈረስ ሲነሳማ ዝም አልልም። ከእኩለ ቀን እስከ ምሽት 2 ሰዓት ድረስ ጎዳናዎቹ የፈረስና የሠረገላ ናቸው። ሠረገላ ለመግባት ከከተማው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ነጂውም ተሳፋሪውም በደንቡ መልበስ አለበት። በበቅሎ የሚሳቡም አሉ፤ አንገታቸው ላይ ቃጭልና ባለ ቀለም ኳስ ተንጠልጥሎ። ሴቷ ቀሚሷን ዘርግታ ከጋላቢው ኋላ ትፈናጠጣለች። ፎቶ ለማንሳት ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ሂዱ። ስለ ሙቀቱና ስለ ረጅሙ ሰዓት የእንስሳት መብት ተሟጋቾች በየዓመቱ ይጮኻሉ፤ ሜዳው ላይ የእንስሳት ሐኪሞች ቢኖሩም ጩኸቱ ምክንያት የለውም አልልም።

ለፈረስ ብቻ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ግንቦት ላይ ሄሬዝ በምትባለው ከተማ የሚደረገው የፈረስ ፌሪያ ይበልጣል። እዚያ ካሴታዎቹም በብዛት ክፍት ናቸው፣ ፊት ለፊት ደስ ይበለው።

መንገደኛ_ነኝ

ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ይህን ሁሉ አልጠበቅሁም። ባለቤቴ የቀሚሱን ክፍል ከኔ ስልክ ወደሷ ልካለች፤ ነገሩ አልቋል። አሁን የቀረኝ ቀኑ ነው። የሚያዝያ ይባላል፤ አንዱ ድረ ገጽ ግንቦት ይላል። የቱ ነው? ምግቡስ? እሷ ጿሚ ናት፤ ሁዳዴ ላይ እንዳይውልብን።

ሴቪያ_ጎረቤት

ቀኑ የሚቆጠረው ከነሱ ፋሲካ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ። ስለዚህ ይዋልላል። በ2025 ግንቦት 6 ጀመረ፤ አንድም ቀን ሚያዝያ ውስጥ ሳይውል «የሚያዝያ ፌሪያ» ተባለ፣ ማንም ግድ አልሰጠውም። በ2020 እና በ2021 በኮሮና ምክንያት አልተካሄደም።

የጾሙን ነገር ጥሩ አነሳህ። በ2025 ፋሲካችን ከነሱ ጋር ስለገጠመ ፌሪያው ከትንሣኤ በኋላ ነበር፤ ያበሻ ልጅ ሁሉ እንደልቡ በላ። በ2024 ግን የነሱ ፋሲካ መጋቢት 31፣ የኛ ግንቦት 5 ነበር። ፌሪያው ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ዋለ፤ ሁዳዴ ውስጥ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለቱንም ካላንደር እዩ።

ጾም ከሆነ ይከብዳል። የመጀመሪያው ምሽት ምግብ ራሱ የተጠበሰ ዓሣ ነው፤ ፔስካይቶ ይሉታል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልጀምርም፤ አስተዳዳሪዎቹ ክሩን ይዘጉብናል። ከዚያ ውጭ የአሳማ ሥጋ፣ የድንች ኦምሌት፣ አይብ። ሊነጋጋ ሲል ቹሮስ የሚባል በዘይት የተጠበሰ ሊጥ በትኩስ ቸኮላት። መጠጡ ማንሳኒያ ነው፤ ሳንሉካር ከሚባለው የባሕር ዳር ከተማ የሚመጣ ደረቅ ነጭ ወይን። ወጣቱ በሎሚ ለስላሳ ይበርዘውና ሬቡሂቶ ይለዋል። ለስላሳ ይመስላል፣ ፀሐይ ላይ ሳታስበው ይጥላል። ተጠንቀቅ።

ጋሽ_ታሪክ

በቀኑ ብዛትም ተጣልተውበታል። ድሮ ሰኞ ማታ ዓሣ ይበላል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከንቲባው ማብሪያውን ይጫንና በሩም ጎዳናዎቹም በአንዴ ይበራሉ፤ አሉምብራኦ ይባላል። እሑድ ሌሊት በርችት ያልቃል። በ2016 ከተማው ሕዝቡን አማከረ፣ ይርዘም የሚለው አሸነፈ፤ ከ2017 ጀምሮ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ሆነ። ሴቪያዎቹ ብዙዎቹ አልወደዱትም። ሁለተኛው ቅዳሜና እሑድ ለቱሪስት ተተወ፣ የካሴታዎቹም ወጪ ጨመረ ብለው አጉረመረሙ። በ2025 ወደ ድሮው፣ ወደ ሰኞ ተመለሰ።

ቀሚስ_ሰፊዋ

አንድ ምክር ከኔ፦ ሴቪያናስ ተማሩ። ካሴታ ውስጥ የሚጨፈረው እሱ ነው። አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ የራሱ እርምጃ አለው፣ ሁሉም ድንገት ቆም በማለት ያልቃል። ቢያንስ የመጀመሪያውን ክፍል ዩቲዩብ ላይ አይታችሁ ሂዱ። የኔ ደንበኛ አንዷ በር ላይ ቆማ ስታጨበጭብ አይተው ነው ውስጥ ያስገቧት። ሴቪያዊ ሞክሮ የሚሳሳት እንግዳ ይወዳል። ካሜራውን ብቻ ይዞ የሚቆመውን ነው የማይወደው።

መንገደኛ_ነኝ

እኔ እስክስታ እንኳን ትከሻዬ አይታዘዝልኝም፤ እሺ እንሞክር። የቱን ቀን ልምረጥ?

ሴቪያ_ጎረቤት

ሰኞ አትምጡ፤ ያ ምሽት ለአባላት እራት ነው፣ መብራቱን ለማየት ብቻ ከሆነ ይሁን። ማክሰኞና ሐሙስ ይሻላሉ። ረቡዕ የከተማው የዕረፍት ቀን ስለሆነ ይሞላል። ቅዳሜ ከሌላ ከተማ የሚመጣ ሰው ይበዛል፣ የሴቪያ ሰው ደግሞ ወደ ባሕር ዳር ይሸሻል። ሆቴል አሁኑኑ ያዙ፤ ዋጋው በዚያ ሳምንት ያብዳል። ሜትሮው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፤ ፕላሳ ደ ኩባ ወርዳችሁ ሕዝቡን ተከተሉ። ልጅ ካላችሁ ከሜዳው ጎን «የሲኦል ጎዳና» የሚባል የመጫወቻ ሰፈር አለ፤ ስሙ ከጫጫታው ነው፣ አትፍሩ። የወረዳ ካሴታዎቹ የት እንዳሉ መግቢያው አካባቢ ካርታ ታገኛላችሁ። ቀኑን ስትቆርጥ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ ጎረቤቴ ሁለት ሰው ማስገባት ይችል እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ቃል አልገባም።

ፊት_ለፊት

አያችሁ? በመጨረሻም በሰው ሆነ 😂 ነሐሴ ላይ ማላጋ የምትሄዱ ካላችሁ አዲስ ክር እከፍታለሁ፤ ዘበኛ የለበትም።